የቁጣችንን ዋጋ ማን ይከፍላል?



«አልገዛም» የሚለው ቃል ሰላማዊ ቃል ነው። ድንጋይ አይወረወርበትም፣ ደም አይፈስበትም፣ ማንም አይሰደብበትም። ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ከሱቅ ደጃፍ የሚመለስን ሰው ፖሊስ አይዘውም፣ የንስሐ አባቱም አይቆጡትም። ስለዚህ ቁጣ ያለበት፣ ጠብ ግን የማይወድ ሰው ሁሉ ወደዚህ ቃል ቢያዘነብል የሚያስገርም አይደለም። እኛ የወጣቶች ክፍል አባላት በእሑድ ከሰዓት በኋላው ውይይታችን ይህንኑ ቃል አንሥተን ሦስት ሳምንት ተከራከርንበት። የክርክሩን ፍሬ ነገር፣ የራሳችንንም አስተያየት ጨምረን፣ በዚህ ወረቀት ላይ ልናሰፍር ወደድን።

ነገሩን ያስነሣው የውጭ ሀገር ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ በጎረቤቷ በካናዳ ዕቃ ላይ ቀረጥ ስትጥል፣ ብዙዎቹ የካናዳ ክፍላተ ሀገር የአሜሪካን መጠጥ ከመንግሥት መሸጫ መደርደሪያ ላይ አወረዱ። ሕዝቡም የሀገሩን ምርት እየለየ መግዛት ያዘ፤ ወደ አሜሪካ ሊያደርገው ያሰበውን ጉዞ የሰረዘውም ብዙ ነው። በዚያው ሰሞን፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከብዙ ሀገሮች በሚገባ ዕቃ ላይ 10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች። ከመካከላችን አንድ ወንድም ይህን አንሥቶ «ካናዳውያን እንዲህ ካደረጉ እኛስ ምን እናድርግ?» ብሎ ጠየቀ። አንዲት እኅት «እኛ ከአሜሪካ ምን እየገዛን ነውና ነው የምንተወው? አውሮፕላን?» ብላ መለሰችለት። ሁላችንም ሳቅን፤ የቦሌ ልጆች ነንና የቦይንግ ድምፅ ከጣራችን ላይ አይጠፋም። ሳቁ ግን ቁም ነገር ነበረበት። ካናዳዊው በሞላ መደርደሪያ ፊት ቆሞ አንዱን ትቶ ሌላውን ያነሣል። እኛ በዚህ ዓይነቱ ጠብ ውስጥ የምንገኘው ከሚገዛው ወገን ሳይሆን ሰፍቶ ከሚሸጠው ወገን ነው። «አልገዛም» የሚለውን ቃል ከተናጋሪው አፍ ሳይሆን በሰሚው ጆሮ መመርመር የሚገባንም ስለዚህ ነው።

ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከጎሮና ከሰሚት ማዶ፣ በከተማችን ምሥራቃዊ ጫፍ፣ የቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። መንግሥት ያሠራው ነው፤ ሥራ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ወደ ሼዶቹ የገቡት ፋብሪካዎች በአብዛኛው ልብስና ጫማ እየሠሩ ወደ ውጭ የሚልኩ ነበሩ። የሠራተኛውን ቁጥር የያዙት ደግሞ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከእኛ ዕድሜ የማይርቅ። ጧት ገና ሳይነጋ ነጠላቸውን ተከናንበው የሠራተኛ አውቶቡስ ሲጠብቁ እናያቸዋለን።

እነዚህ እኅቶች የሚሰፉት ልብስ አሜሪካ ሲደርስ ቀረጥ እንዳይከፈልበት ያደርግ የነበረው አጎዋ የሚባለው ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በግንቦት 1992 ዓ.ም. የፈረሙት ሲሆን፣ መስፈርቱን ያሟሉ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ ሀገሮች በሺህ የሚቆጠር ዓይነት ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ይፈቅዳል። ከመስፈርቶቹ አንዱ የሰብአዊ መብት አያያዝ ነው፤ ሀገሪቱ ትግባ ወይም ትውጣ የሚለውን በየዓመቱ የሚወስነው ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የሀገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣ። ዓመት ሲሞላው፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንት ባይደን ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት ተፈጽሟል በማለት ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጡ አስታወቁ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ውሳኔው ሥራ ላይ ዋለ። ማሊና ጊኒም ያን ቀን አብረውን ወጡ፤ የእነርሱ ምክንያት ግን መፈንቅለ መንግሥት ነበር።

እዚህ ላይ አንባብያን አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። በዚያ ዘመን የሀገራችን ትልቁ የውጭ ንግድ ቡና ነበር። ቡና ግን በዚያ ውሳኔ አልተነካም፤ ጥሬ ቡና በጊዜው ከየትም ሀገር ቢመጣ ወደ አሜሪካ የሚገባው ያለ ቀረጥ ነበርና፣ ከአጎዋ መግባትም መውጣትም ለቡና ነጋዴ ለውጥ አላመጣም። ቀረጡ የከበደው በልብስ ላይ ነው። ለጥጥ ቲሸርት መደበኛው ቀረጥ 16.5 በመቶ ሲሆን፣ ከሰው ሠራሽ ክር ለተሠራው እስከ 32 በመቶ ይደርሳል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጉምሩክ 5 ዶላር የተገመተ የሰው ሠራሽ ክር ቲሸርት አለ እንበል፤ ቀረጡ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ሐዋሳው ፓርክ ባወጡት ጥናት የጀማሪ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል ነበር። ወሩን 26 የሥራ ቀን ብንለው በቀን አንድ ዶላር ነው። እንግዲህ በአንዲት ቲሸርት ላይ የተጫነው ቀረጥ ቲሸርቷን ከሰፋችው ልጅ የቀን ደመወዝ በለጠ ማለት ነው።

«ቀረጡን የሚከፍለው አሜሪካዊው አስመጪ አይደለም ወይ?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። በወደብ ላይ ደረሰኝ የሚቆረጠው በእርግጥ በእርሱ ስም ነው። ነገር ግን አስመጪው ሂሳብ ያውቃል። ወይ የሸሚዙን ዋጋ ቀንስልኝ ብሎ ፋብሪካውን ያስጨንቃል፤ ወይ ትእዛዙን በዚያን ጊዜ ቀረጥ ይከፈልበት ወዳልነበረው ወደ ኬንያ ያዞራል፤ ወይም ሥራ ወደ ለመደ ሰፊ ወደ ባንግላዴሽ ይወስደዋል። ፋብሪካው ትእዛዝ ሲያጣ በመጀመሪያ የትርፍ ሰዓት ሥራ ይቀራል፣ ቀጥሎ ፈረቃ ይታጠፋል፣ በመጨረሻ መኪናዎቹ ይቆማሉ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች የተባለው ኩባንያ ቀረጡ እስኪጀምር እንኳ አልቆየም፤ በሀገሪቱ ያለው ሁኔታ መባባሱን ምክንያት አድርጎ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ በኅዳር 2014 ዓ.ም. አስታወቀ።

በውይይታችን ላይ አንድ ወንድም «በወር 26 ዶላር የሚከፍል ፋብሪካ ቢዘጋ ምን ያስለቅሳል?» አለ። ደመወዙ ትንሽ መሆኑን ማንም አልካደም። ነገር ግን ያቺ ልጅ ፋብሪካ የገባችው ከፊቷ ያሉትን መንገዶች አመዛዝና ነው፤ አንዱ የሰው ቤት ሠራተኛነት ነው፣ አንዱ ወደ ዐረብ ሀገር መሰደድ ነው፣ አንዱ ወደ ወላጆቿ ጠባብ ማሳ መመለስ ነው። ትንሽ የምንለውን ደመወዝ የወሰደባት ሰው በምትኩ ትልቅ አልሰጣትም።

በዚያ ዘመን ሕዝቡ ምን አለ? ይህን ሁላችንም እናስታውሳለን። ጥቅምት 28 ቀን 2014 ዓ.ም. እሑድ በመስቀል አደባባይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰልፎ የውጭውን ጫና አወገዘ። በኅዳርም «በቃ» የሚለው ቃል በብዙ የዓለም ከተሞች ባሉ ኢትዮጵያውያን ሰልፍ ላይ ተሰማ። መንግሥት ለገና በዓል አንድ ሚሊዮን ወገን ከውጭ ወደ ሀገሩ ይግባ ብሎ ጥሪ አደረገ። አጎዋ የቆመው ታኅሣሥ 23፣ ገና የዋለው ታኅሣሥ 29 ነው፤ የስድስት ቀን ልዩነት። በዚያች ሳምንት በቦሌ አየር ማረፊያ አበባና ባንዲራ ይዘን እንግዳ ተቀበልን። በየቤቱ «አጎዋ ቢቀር ምን እንዳይቀርብን ነው! በራሳችን ጥጥ እንለብሳለን» የሚል ንግግር ነበር። ኩራቱ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን «ይቅርብን» ስንል የሚቀርብን ምን እንደሆነ እንቁጠር ብንባል፣ ከመካከላችን ብዙው ሰው የሚቆጥረው የለውም። ተማሪው ትምህርቱ አልቀረበትም፣ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙ አልተቆረጠበትም፣ ከውጭ የመጣው እንግዳም በሁለት ሳምንቱ ወደ ሥራው ተመልሷል። «ይቅርብን» የተባለው በሌላ ሰው እንጀራ ነው።

በሌላ በኩልም በዚያው በዋሺንግተን ጎዳና ላይ ማዕቀቡ ይጥበቅ ብለው የተሰለፉ የትግራይ ተወላጆች ነበሩ። እነርሱንም በችኮላ መፍረድ አይገባም። መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦ፣ የእናቱን ድምፅ ወራት ሙሉ ያልሰማ ሰው ባገኘው በትር ሁሉ ቢማታ ማን ይፈርድበታል? ጦርነቱ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ የሞተው ሰው ብዙ ነው፣ ዝም ይባል የሚያሰኝም አልነበረም። የእኛ ጥያቄ ግን ወደ አንዲቱ ልጅ ይመለሳል። አንዱ ሰልፈኛ «ቀረጡ ይጫን» አለ፤ ሌላው ሰልፈኛ «ቢጫንስ!» አለ። በሁለቱ መካከል የቦሌ ለሚዋን ልጅ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት አልነበረም።

ይህ ነገር ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ ሲወረን የመንግሥታት ማኅበር ኅዳር 8 ቀን ማዕቀብ በኢጣልያ ላይ አደረገ። ወረቀቱ ረጅም ነበር፤ ነዳጅ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፣ የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች አልተዘጋም። ሻጮቹ ትርፋቸው የሚጎዳበትን ነገር እያለፉ፣ የማይጎዳቸውን ነገር ከለከሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ያስደንቃል። ሙሶሊኒ ማዕቀቡን ለራሱ መሣሪያ አደረገው። ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. በሮማ ንግሥት ኤሌና ግንባር ቀደም ሆነው የኢጣልያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሰጡ፤ ወርቁ ተሰብስቦ በምትኩ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። በየማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይም የማዕቀቡን ቀን እንደ ከበባ የሚያስታውስ የድንጋይ ጽሑፍ እንዲለጠፍ ተደረገ። ባሏን ወደ እኛ ሀገር ጦርነት የሸኘች ሚስት ቀለበቷን ጨምራ ሰጠች ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ ቆመው አቤት ካሉ በኋላ፣ ወር ሳይሞላ፣ ማዕቀቡ ተነሣ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛው፣ ከውጭ የመጣ ጫና ሕዝብን ከገዢው የሚለይ ሳይሆን ወደ ገዢው የሚያስጠጋ ሊሆን ይችላል፤ በ1928 በሮማ ሆኗል፣ ሌላም ቦታ ሆኗል። ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ይሰማናል። ከልካዩ ራሱ ምንም የማያጣበት ክልከላ ለተበደለው ጥላ አይሆንም። ነዳጅ የሚሸጠው ሰው ነዳጁን ቢተው ኖሮ እርሱም ይጎዳ ነበር፤ መጎዳት ስላልፈለገ የእኛን ሀገር ሰው መርዝ ሲዘንብበት አየ።

አያቶቻችን ስለ ጅምላ ቅጣት ያውቁ ነበር። በገጠር ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ ለአውጫጭኝ ይጠራል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ በአንድ ሜዳ ይቀመጣል፤ የቀረ ይቀጣል። በዚያ ሜዳ ላይ ከሚቀመጡት መቶ ሰዎች ዘጠና ዘጠኙ ንጹሓን ናቸው። ታዲያ አውጫጭኝን ሰው ለምን ታገሠው? እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ ይህ ነው። በሜዳው ላይ የተቀመጠው ሰው ጎረቤቱን ያውቃል፤ ስለዚህ እውነቱን ለማውጣት ጥቂትም ቢሆን ኃይል አለው። ሽማግሌዎቹና ዳኛውም በዚያው ፀሐይ ይውላሉ። የቦሌ ለሚዋ ልጅ ግን በሜዳው ላይ ተቀምጣ የምታወጣው ምሥጢር የላትም። ጦርነቱን አላወጀችም፣ ልታስቆመውም አትችልም። ዳኛው ደግሞ በዋሺንግተን በጥላ ሥር ነው። ፀሐዩን የምትጠጣው እርሷ ብቻ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች ስለ መተው አንድ ልምድ አለን፤ እርሱም ጾም ነው። በዓመት ከግማሽ የሚበዛውን ቀን ሥጋና ቅቤ እንተዋለን። በጾም የሚራበው የጿሚው ሆድ ነው። ማንም ሰው ጎረቤቱን አስርቦ «ጾምኩ» አይልም። (አንድ ወንድም እዚህ ላይ «ሥጋ ሻጩስ? በሁዳዴ ሁለት ወር ይዘጋ የለም ወይ?» ብሎ አስቆመን። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሥጋ ሻጩ የጾሙን ቀን ከእኛ እኩል ያውቀዋል፣ አስቀድሞም ያስብበታል፤ አብዛኛውን ጊዜም እርሱ ራሱ ጿሚ ነው። በድንገት አልመጣበትም፣ ሊቀጣም አልታሰበም።) አለመግዛትም ወደ ጾም በቀረበ መጠን ንጹሕ ይሆናል፤ ከጾም በራቀ መጠን በሰው ሆድ መጾም ይሆናል።

በአሜሪካ በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1955 እስከ ታኅሣሥ 1956 ድረስ ለ381 ቀናት በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው የተነሡበትን አድማ ስናነብብ ልባችን የሚነካው ስለዚህ ነው። አውቶቡሱን የተዉት ሰዎች በእግራቸው ሄዱ። የልብስ አጣቢዋ እግር አበጠ፣ ሠራተኛው ገና በጨለማ ከቤቱ ወጣ። የአውቶቡሱ ድርጅት ገንዘብ አጣ፤ እነርሱም ጉልበታቸውን ሰጡ። የዋጋውን ትልቁን ክፍል የከፈሉት ባለ ጉዳዮቹ ናቸው።

ይሁን እንጂ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ሲሆን ሁልጊዜ ክፉ ነው ለማለት አንደፍርም። የደቡብ አፍሪካው አልበርት ሉቱሊ፣ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አባት፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ዓለም የሀገራቸውን ዕቃ እንዳይገዛ በለመኑ ጊዜ፣ በዚህ አስቀድሞ የሚጎዳው የራሳቸው ሕዝብ እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ይህንንም ሳይሸሽጉ፣ የነፃነት ዋጋ ነው ብለን እንቀበለዋለን አሉ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው በደቡብ አፍሪካ መንግሥት ላይ ማዕቀብ ይደረግ ሲሉ፣ የሚሰሙት የዚያን ሕዝብ ጥሪ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የሚራበው ሰው ራሱ «ልራብና ነፃ ልውጣ» ካለ ሌላው ሊያግዘው ይችላል። ያልተጠየቀን ሰው አስርቦ «ስለ አንተ ነው» ማለት ግን ከየት የመጣ ሥልጣን ነው?

በዚህ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ከባድ ነበርና አናልፈውም። አንዲት እኅት እንዲህ አለች፦ «እንዲህ ከሆነማ በዓለም ላይ አንድም ክፉ ገዢ አይነካም። እያንዳንዱ ክፉ ሰው ድኾችን ከፊቱ አቁሞ 'እኔን ብትመቱ እነዚህ ይወድቃሉ' ይላል። የደቡብ አፍሪካ ነጮችም 'ስለ ጥቁሩ ማዕድን ቆፋሪ ስትሉ ዕቃችንን ግዙ' ይሉ አልነበረም ወይ? የቦሌ ለሚዋን ልጅ ጋሻ አታድርጓት።» ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። በእርግጥም የድኻው ስም በባለጸጋው አፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ፋብሪካው ደመወዝ ጨምር ሲባል ስለ ሠራተኛው አያነሣም፣ ቀረጥ ሲመጣበት ግን ስለ ሠራተኛው ያለቅሳል።

ለዚህ ተቃውሞ ሙሉ መልስ አለን ብለን አንመካም። ነገር ግን ጋሻ ማድረግና ፊትን ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማሐትማ ጋንዲ የውጭ ጨርቅ አንገዛም በሚለው አድማቸው የታወቁ ናቸው። የህንድ ሰው የእንግሊዝን ጨርቅ ሲተው፣ ሌላም ምክንያት ተጨምሮበት፣ በእንግሊዝ ሀገር በላንክሻየር የሚገኙ የጨርቅ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ሸማኔዎቹም ሥራ ፈቱ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1931 ጋንዲ ለጉባኤ ወደ ለንደን በሄዱ ጊዜ ወደዚያው ወደ ላንክሻየር፣ ዳርወን ወደምትባል ከተማ ወረዱ። በእርሳቸው አድማ የተጎዱትን ሰዎች ፊት ለፊት አገኟቸው፣ ችግራቸውን ሰሙ፣ የህንድ ድኻ ከእነርሱ ምን ያህል እንደሚብስ ነገሯቸው። አድማውን አልተዉም። ሠራተኞቹም በጥላቻ ፈንታ በደስታ ተቀበሏቸው፤ ከፋብሪካው ሴቶች ጋር ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል። ዋጋውን ካስከፈሏቸው ሰዎች ፊት አልሸሹም። በ2014 ዓ.ም. ቀረጡን ያዘዙትም፣ «ቢጫንስ» ብለው የፎከሩትም፣ ወደ ጎሮ መጥተው እንደዚህ ሲያደርጉ አላየንም።

ቁጣም ያለ ክልከላ ሊሠራ እንደሚችል የራሳችን ቡና ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት የይርጋ ጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡናን ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠየቀ። የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋርም ክርክር ሆነ። ኦክስፋም የተባለው የርዳታ ድርጅት በዚህ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎችን አስነሣ። ነገር ግን የሰዎቹ መሣሪያ ደብዳቤ፣ ስልክና በሱቁ ደጃፍ መገኘት ነበር። ቡናውን መተው አላስፈለገም፤ ቡናው ቢተው ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው የይርጋ ጨፌ ገበሬ ነበርና። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ኩባንያውና መንግሥት ተስማሙ። ቁጣው የተነጣጠረው በሚገባው ሰው ላይ ነበር፤ ለመነጣጠር ግን ማሰብና መድከም ያስፈልጋል፣ «አልገዛም» ብሎ ማለፍ ይቀላል።

የአጎዋው ነገር መጨረሻው ምን ሆነ? የሰላሙ ስምምነት በፕሪቶሪያ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ውሳኔው በተነገረ በዓመቱ በዚያው ቀን ማለት ነው። ጠመንጃው ዝም አለ፤ ቀረጡ ግን ከሸሚዙ ላይ አልወረደም። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ሀገራችን ወደ ዝርዝሩ አልተመለሰችም። እ.ኤ.አ. በ2015 ለአሥር ዓመት የተራዘመው የሕጉ ዘመን መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያልቅም ኢትዮጵያ ገና ከደጅ ነበረች። ቅጣት ለመጀመር የሚቸኩል እጅ ለማንሣት አይቸኩልም፤ ይህም ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በሦስተኛው እሑድ ከታላላቅ መንግሥታት ጠብ ወደ ሰፈራችን ወረድን። ሽንኩርትና ቲማቲም ሲወደድ «አንድ ሳምንት ሁላችንም ባንገዛ ዋጋው ይወርዳል» ሲባል እንሰማለን። ሐሳቡ በጉባኤው ብዙ ደጋፊ አገኘ። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ «የምንቀጣው ማንን ነው?» አለ። በመንገዱ ዳር ጨርቅ ዘርግታ የምትቸረችረው የጉልት እናት ዋጋውን አልሰቀለችውም፤ ከጅምላ ነጋዴው ጧት በተወደደው ዋጋ ተቀብላ፣ እስከ ማታ ካልሸጠችው ይበሰብስባታል። የጅምላው ነጋዴ መጋዘን አለው፣ ሳምንቱን ይታገሣል። ስለዚህ ሁለት ሁለት እየሆንን በጎሮ፣ በሰሚትና በገርጂ ያሉትን የጉልት እናቶች ከየት እንደሚያመጡ፣ በስንት እንደሚረከቡ፣ የሰፈሩ ሰው ቢተባበር እነርሱስ ይተባበሩ እንደሆነ ጠይቀን እንድንመጣ ተባብለን ተለያየን። በሚቀጥለው እሑድ ከመካከላችን አንዲት እኅት ይዛ የመጣችው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ ጠየቀቻቸው ሴት ወይዘሮ ሚዛናቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ቁጭ በይና ልንገርሽ» ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ አወሯት።